የኋላውን ማየት፦ ስለ ብስክሌት ስፖኪዮ

የዛሬው ዝግጅታችን የብስክሌት ስፖኪዮን ይመለከታል። በተለይ የሚመለከተው ከባጃጁ፣ ከሚኒባሱና ከሲኖትራኩ ጋር አንድ አስፋልት ተጋርተው የሚነዱትን ነው። ባሕር ዳር ከፔዳ ግቢ ወደ መሀል ከተማ የሚመላለሰው ተማሪ፣ ሐዋሳ ላይ በብስክሌት ሥራዋ የምትገባው ሴት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ትእዛዝ ጭኖ ቤት ለቤት የሚያደርሰው ወጣት ይስማን። ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ያላችሁ ወላጆችም ጆሯችሁን አትንፈጉን።

የማምንበትን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በመኪና መሀል የሚነዳ ሰው ሁሉ ብስክሌቱ ላይ ስፖኪዮ ቢያስገጥም ደስ ይለኛል። ግን ስፖኪዮ «አትግባ» ብሎ ሲከለክል ብቻ ነው የሚታመነው። «መንገዱ ባዶ ነው፣ ግባ» ያለ ሲመስል ቃሉን መቀበል አይገባም። አጠቃቀሙ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ስለሆነ በኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ግን ስፖኪዮ ለምን አስፈለገ? አንገት አለን፤ ዞር ብሎ ማየት አይበቃም ወይ? ነገሩን በሂሳብ እንየው። ሜዳ ላይ ሳይጣደፍ የሚነዳ ሰው በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህ በሴኮንድ 5 ሜትር ማለት ነው። ዞር ብሎ፣ ያየውን ለይቶ፣ ፊቱን ለመመለስ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት አምስት ሜትር መንገድ ሳያይ አልፏል። በእኛ ከተሞች አምስት ሜትር ውስጥ ምን ሊኖር እንደሚችል የሚነዳ ሁሉ ያውቀዋል፤ ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የተከመረ አሸዋ፣ ከእናቱ እጅ ያመለጠ ሕፃን። በዚያ ላይ አንገት ሲዞር ትከሻ ይከተላል፣ ትከሻ ሲዞር ክንድ ይከተላል፣ ክንድ ደግሞ መሪውን ይስበዋል። ጀማሪ ብስክሌተኛ ወደ ግራ ዞር ባለ ቁጥር ሳያውቀው ወደ ግራ፣ ማለትም መኪናው ወደሚመጣበት ወገን፣ የሚንሸራተተው ለዚህ ነው።

ስፖኪዮ ይህን አደጋ ይቀንሳል። ዓይን ብቻ ዝቅ ብሎ ይመለሳል፤ ፊት ወደ ፊት እንደዞረ፣ መሪውም እንደ ቀና ይቆያል።

ሁለተኛው ምክንያት ፍጥነት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይሸፍናል። እናንተ አምስት፣ እሱ አሥራ አራት፤ ልዩነቱ በየሴኮንዱ ዘጠኝ ሜትር ነው። አሁን ዞር ስትሉ ስልሳ ሜትር ርቆ ያያችሁት መኪና ሰባት ሴኮንድ ሳይሞላ አጠገባችሁ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ማየት የኋላውን ለማወቅ አይበቃም፤ እየደጋገሙ ማየት ያስፈልጋል። አንገትን በየአምስት ሴኮንዱ ማዞር የሚችል ሰው ደግሞ የለም።

ሦስተኛው ምክንያት የቅርብ ጊዜ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ገና ልብ ያላለው ይመስለኛል። እስካሁን ብስክሌተኛ የኋላውን የሚያውቀው በጆሮው ነበር። አይሱዙ ሲመጣ ገና ከሩቅ ይሰማል፤ ባጃጅም ድምፁን ደብቆ አያውቅም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ግን የኤሌክትሪክ መኪናዎች በመንገዶቻችን ላይ በዝተዋል። ለአየሩ መልካም ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ቀስ ብሎ ሲሄድ ድምፁ እዚህ ግባ አይባልም። የአውሮፓ ኅብረት አዲስ የሚወጡ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድረስ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ ያስገደደው በዚሁ ምክንያት ነው። መኪና በዝግታ በሚጎተትበት መጨናነቅ ውስጥ፣ ሌላው ሁሉ ክላክስ በሚያደርግበት ሰዓት፣ ከኋላ ድምፅ ሳያሰማ የተጠጋ መኪና በጆሮ አይታወቅም። ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ የሚነዳውማ ያለችውንም መከላከያ በገዛ እጁ ጥሏታል፤ እባካችሁ፣ በተለይ ወጣቶች፣ ይህን ተዉት።

እግረ መንገዴን አንድ ታሪክ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1911 የመጀመሪያው የኢንዲያናፖሊስ 500 የመኪና ውድድር ሲካሄድ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ከጎናቸው አንድ መካኒክ ያስቀምጡ ነበር። ከመካኒኩ ሥራዎች አንዱ ወደ ኋላ እያየ ማን እንደቀረበ ለሹፌሩ መንገር ነው፤ ልክ የእኛ ታክሲ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እለፍ፣ እለፍ፣ ያዘው!» እንደሚለው። ሬይ ሃሩን የሚባል ተወዳዳሪ ግን ብቻውን ቀረበ። ሌሎቹ «የኋላውን ሳያይ እንዴት ይነዳል?» ብለው ተቃወሙ። እሱም በመኪናው ላይ መስታወት አስገጠመና ተወዳደረ፤ አሸነፈም። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እዚህ ድረስ ነው። የሚቀጥለው ግን ለእኛ ይበልጥ ይጠቅመናል። የውድድሩ ሜዳ በጡብ የተነጠፈ ስለነበር መስታወቱ እየተርገበገበ ብዙም እንዳላሳየው ሃሩን ራሱ በኋላ ተናግሯል። በኮብልስቶን ላይ ብስክሌት የነዳ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

እንግዲህ ወደ ዕቃው እንምጣ። የብስክሌት ስፖኪዮ በሦስት ዓይነት ይገኛል። አንዱ መሪው ላይ በብሎን የሚታሰር፣ አጭር ክንድ ያለው ነው። ሁለተኛው በመሪው ጫፍ፣ ከእጀታው ክፍት አፍ ውስጥ የሚገባ ነው። ሦስተኛው ሄልሜት ላይ ወይም መነጽር ላይ የሚንጠለጠል ትንሽዬ መስታወት ነው። ይህ ሦስተኛው ለዓይን ቅርብ ስለሆነ ትንሽ ሆኖ ብዙ ያሳያል፤ ራስን በጥቂቱ ዘወር ሲያደርጉም ከግራ እስከ ቀኝ ይቃኛል። ለመልመድ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንዱን ሰውም ያጥወለውለዋል። የምትመርጡት እሱን ከሆነ ሲወድቁ በቀላሉ የሚላቀቅ መሆኑን አረጋግጡ፤ ዓይን አጠገብ ያለ ጠንካራ ሽቦ አደገኛ ነው።

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ከመሪው ጋር የሚታሰረውን ነው። ከሞተር ብስክሌት የተፈታ ረጅም ክንድ ያለው ስፖኪዮ የሚያስገጥሙ አሉ፤ መስታወቱ ትልቅ ነው፣ ዋጋውም አይከብድም። ችግሩ ክንዱ በረዘመ መጠን መርገብገቡ መባሱ ነው፤ ጫፉም ከመሪው ወጥቶ በጠባብ ቦታ ሰውና መኪና ይነካል። ያለው እሱ ብቻ ከሆነ ክንዱን አሳጥሩት፤ ከማሰሪያው ሥርም ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ጠምጥማችሁ አጥብቁት። ላስቲኩ ንዝረቱን ይቀንሳል፣ ስፖኪዮው በየጉድጓዱ እንዳይዞርም ይይዘዋል።

እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ስፖኪዮው በግራ ነው የሚገጠመው። የሚያልፈን ሁሉ በግራ ያልፋልና። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ስለ ቀኙ አትጨነቁ።

ማስተካከሉን በችኮላ አታድርጉት። ብስክሌቱን አንድ ሰው ቀጥ አድርጎ ይያዝላችሁና ኮርቻው ላይ ወጥታችሁ እንደምትነዱት ሆናችሁ ተቀመጡ። ቆማችሁ ያስተካከላችሁት ስፖኪዮ ስትቀመጡ ሰማይ ያሳያችኋል። ከመስታወቱ ውስጠኛ ጠርዝ የክርናችሁ ወይም የትከሻችሁ ጥቂት ቁራጭ ይታይ፤ ያ ቁራጭ መስታወቱ ወዴት እንደሚያይ ሁልጊዜ ያስታውሳችኋል። አስፋልቱና ሰማዩ የሚገናኙበት መስመር መስታወቱ መሀል አካባቢ ይሁን። ከዚያ ሌላ ሰው ከኋላ፣ ከግራ በኩል፣ ቀስ እያለ ወደ እናንተ ይምጣ። ዓይናችሁን ከመስታወቱ ሳታነሡ «አየሁህ፣ አየሁህ» በሉት። የሆነ ቦታ ሲደርስ ከመስታወቱ ይጠፋል፤ በዓይናችሁ ጠርዝ ግን ገና አልታየም። እዚያው አስቁሙትና ዞር ብላችሁ እዩት። እጃችሁን ብትዘረጉ ልትነኩት ትችላላችሁ፣ ስፖኪዮው ግን አያውቀውም። አንድ ሞተር ብስክሌት ወይም ባጃጅ እዚያ ቦታ ላይ ሙሉ በሙሉ ይሰወራል። ይህን ለልጆቻችሁ በቃል ከመንገር በዚህ መንገድ አሳዩአቸው፤ አይረሱትም።

ሌላው ሰዎችን የሚያሳስተው የመስታወቱ ቅርጽ ነው። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ እንደ ማንኪያ ጀርባ ወደ ውጭ ያበጡ ናቸው። ያበጠ መስታወት ሰፊ መንገድ ያሳያል፣ ንዝረቱንም ይችላል፤ ነገር ግን የሚያሳየውን ሁሉ ያሳንሰዋል። አእምሯችን ደግሞ ትንሽ ሆኖ የታየውን ሩቅ ነው ብሎ ይተረጉማል። ስለዚህ ገና ሩቅ ነው ያላችሁት ሲኖትራክ ቅርብ ነው። ጠፍጣፋው መስታወት ርቀቱን አያዛባም፤ የሚያሳየው ግን ጠባብ ነው። ያበጠውን የገዛ ሰው መኪና በማይበዛበት መንገድ ላይ ይለማመድ፤ በመስታወቱ ይይ፣ ርቀቱን ይገምት፣ ከዚያ ዞር ብሎ ግምቱን ያረጋግጥ። ጥቂት ቀን እንዲህ ካደረገ ዓይኑ ልኩን ያገኛል።

አሁን አንድ ሁኔታ ቀረብ ብለን እንመልከት። ጠዋት ነው። ቀኝ ይዛችሁ ትነዳላችሁ። ሃምሳ ሜትር ያህል ከፊታችሁ አንድ ሚኒባስ ጥጉን ይዞ ቆሟል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ሆኖ ይጣራል። ቅድም ባሰላነው የ18 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አሥር ሴኮንድ አላችሁ።

ስፖኪዮ የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ይህን ነው። ሚኒባሱ ይነሣ ይሆናል እያለ ይጠጋል፤ ሦስት አራት ሜትር ሲቀረው እንደማይነሣ ያያል፤ ከኋላ የሰማው ድምፅ እንዳለፈ ይገምታል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ወደ ግራ ይሰበራል። ከኋላው ያለው ሹፌር ምንም ምልክት አላየም። ክላክሱም፣ ፍሬኑም፣ ስድቡም አንድ ላይ ይመጣል። የሚመጣው ክላክስና ስድብ ብቻ ከሆነ ተመስገን ነው።

ስፖኪዮ ያለው ሰው ሚኒባሱን ከሩቅ እንዳየ ዓይኑን ወደ መስታወቱ ይጥላል። አንድ ባጃጅ ቅርብ ነው፤ ከሱ ኋላ ደግሞ አንድ የጭነት መኪና አለ። ፊቱን አይቶ እንደገና መስታወቱን ያያል። ባጃጁ አልፏል፤ የጭነት መኪናው ግን በመስታወቱ ውስጥ አድጓል። በሁለቱ እይታ መካከል ምን ያህል እንዳደገ ማየት ነው ዋናው ቁም ነገር። በፍጥነት ያደገ ነገር በፍጥነት እየመጣ ነው። ስለዚህ ብስክሌተኛው ቀስ ይላል፤ ካስፈለገም ከሚኒባሱ ኋላ ሁለት ሦስት ሜትር ትቶ ይቆማል። የጭነት መኪናው ያልፋል። መስታወቱ አሁን ባዶ ነው።

ባዶ ስለሆነ ይወጣል? አይወጣም። በግራ ትከሻው ላይ ዞር ብሎ ያያል። ቅድም ስፖኪዮውን ስታስተካክሉ ሰውዬው የተሰወረበትን ያንን ቦታ የሚያሳየው አንገት ብቻ ነው። ከዚያ ግራ እጁን ዘርግቶ ምልክት ይሰጥና ይወጣል። ሚኒባሱን ሲያልፍም ከአንድ በር ስፋት በላይ ርቀት ይጠብቃል፤ ሹፌሩ ሳያይ በሩን ሊከፍት ይችላልና። በቀኝ በኩል፣ በሚኒባሱና በእግረኛው መንገድ መካከል ሾልኮ ማለፍማ ፈጽሞ አይሞከርም። ተሳፋሪው ሁሉ በዚያ በር ነው የሚወርደው፤ የሚወርድ ሰው ደግሞ እግሩን እንጂ የሚመጣ ብስክሌት አያይም።

እዚህ ላይ ዞር ብሎ ማየት ሌላም ጥቅም እንዳለው ልብ በሉ። ከኋላችሁ ያለው ሹፌር እናንተ መስታወት ማየታችሁን አያውቅም። አንገታችሁ ሲዞር ግን ያያል፤ አይቶም «ይኼ ሰው ሊገባ ነው» ይላል። ብዙ ሹፌር ከተዘረጋ እጅ ይልቅ ለዞረ ፊት ፍጥነቱን የሚቀንስ ይመስለኛል፤ ፊት ለፊት የተያየን ሰው ገፍቶ ማለፍ ይከብዳልና። ስፖኪዮ ከገጠሙ በኋላ አንገታቸውን ማዞር የሚተዉ ሰዎች ይህን ምልክት ከሹፌሩ እየወሰዱበት ነው። ስፖኪዮ ያለው ሰው ከሌለው የባሰ አደጋ ላይ የሚወድቀው እንዲህ ነው። በሁሉም ነገር የተጠነቀቀ ይመስለዋል፣ ከኋላው ላለው ግን ድንገት ነው የገባበት።

መስታወቱ የሞላ እንደሆነ ግን ነገሩ ቀላል ነው። መኪና አያችሁ፣ አትግቡ። ዞር ብሎ ማረጋገጥም አያስፈልግም። ዞር የምትሉት መስታወቱ ባዶ ሲሆን ብቻ ስለሆነ አንገታችሁ ይሠራ የነበረው ሥራ ይቀንሳል፤ ፊታችሁን የምታዩበት ጊዜም ያን ያህል ይረዝማል። የስፖኪዮ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ነው።

ስለ ትልልቅ መኪናዎች ለብቻው ልናገር። መስቀለኛ መንገድ ላይ ወይም አደባባይ አጠገብ ስትደርሱ ከኋላችሁ የጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ በመስታወቱ ካያችሁ ፍሬቻውን ፈልጉ። ቀኝ ፍሬቻ ካበራ በቀኙ አትቆዩ፤ ቀድሞ ይለፍና ይታጠፍ። የረጅም መኪና የኋላ ጎማ ሲታጠፍ የፊቱን ጎማ ተከትሎ አይሄድም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፤ በዚያ ውስጥ የተገኘ ብስክሌተኛ መውጫ የለውም። ፍሬቻ የማያበራም ስላለ ፍሬቻ አለማየት ዋስትና አይሆናችሁም። እናንተም የሹፌሩን ፊት በእሱ ስፖኪዮ ውስጥ ካላያችሁ እሱም እንዳላያችሁ ቁጠሩት።

«የብስክሌት መስመር ካለ ስፖኪዮ ለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። በኮሪደር ልማቱ በአዲስ አበባ ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሠርቷል፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው የባሕር ዳሩ አዲስ የዓባይ ድልድይም ለብስክሌት ቦታ ለይቶለታል። ይህ በመሠራቱ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የተለየ መስመር የትም ቢጀምር መስቀለኛ መንገድ ላይ ብስክሌቱና መኪናው መገናኘታቸው አይቀርም። ስፖኪዮው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው በተለየው መስመር ተዝናንቶ የመጣው ሰው ወደ መኪናው መንገድ በሚመለስባት በዚያች ቦታ ነው። በሕግ በኩል ብናየው፣ በጀርመንና በኔዘርላንድስ በሰዓት እስከ 45 ኪሎ ሜትር የሚሄዱ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ያለ ስፖኪዮ መንገድ ላይ እንዳይወጡ ሕጉ ያዝዛል። ለተራ ብስክሌት ግዴታ አይደለም። እኔ ግን ከመኪና ጋር ተጋፍቶ የሚነዳ ሰው ሕግ እስኪያስገድደው መጠበቅ አያስፈልገውም እላለሁ።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። ትልቅ የምግብ ሣጥን በጀርባው ያዘለ አድራሽ ዞር ቢልም የሚያየው ሣጥኑን ነው። ከኋላ መጫኛው ላይ ሰው ያፈናጠጠም እንደዚያው። አንገቱ እንደ ወጣትነቱ የማይዞርለት አባት፣ በብርድ ጊዜ ጋቢ ወይም ነጠላ ተከናንቦ የሚነዳ ሰው፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ ሰው፤ ለእነዚህ ስፖኪዮ ይደር የሚባል ነገር አይደለም። ዞር ብለው ለማየት ለሚቸገሩት ደግሞ ከስፖኪዮው ጋር አንድ ልማድ ልጨምርላቸው፤ ግራ መታጠፍ ሲፈልጉ መሀል መንገድ ከመግባት ይልቅ ቀኝ ይዘው ይቁሙ፣ ወርደው በዜብራው ላይ ብስክሌቱን እየገፉ ይሻገሩ።

ማታ ስፖኪዮ የሚሰጠው ሌላ ዓይነት መረጃ ነው። የመኪናው አካል አይታይም፣ መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። ሁለት መብራት እየተራራቀ ከሄደ እየቀረበ ነው። አንድ መብራት ሞተር ብስክሌት ሊሆን ይችላል፤ አንድ አምፖሉ የተቃጠለበት አይሱዙም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ መብራት ስታዩ ትልቁን ገምቱ። ረጅም መብራት ያበራ መኪና ከኋላ ሲመጣ ዓይናችሁን መስታወቱ ላይ አታቆዩ፤ ከፈዘዘባችሁ የፊታችሁን ጨለማ ለማየት ጊዜ ይፈጅባችኋል። በክረምት ደግሞ ጠብታው መስታወቱን ይሸፍነዋልና ደረቅ ጨርቅ ኪሳችሁ አይጥፋ። የፕላስቲክ መስታወት ከሆነ አቧራውን በደረቁ አትፈትጉት፣ ይጫጫራል፤ በውኃ አራስሱት።

ዓይን በመስታወቱ ላይ ተተክሎ መቅረቱንም ተጠንቀቁ። አዲስ የገጠመ ሰው የኋላውን እያየ የፊቱን ይረሳል፤ ብስክሌት ደግሞ ዓይን ወደሚያይበት ነው የሚሄደው። እይታው ገልመጥ አድርጎ መመለስ ይሁን። ከጉድጓድ በፊት፣ ከቆመ መኪና በፊት፣ ከመታጠፍ በፊት፣ ፍሬን ከመያዛችሁም በፊት እዩ፤ ድንገት ስትቆሙ ተጠግቶ የሚመጣ ሰው ሊኖር ይችላልና። መንገዱ ቀጥ ብሎ ጭር ሲልም አልፎ አልፎ እዩ። የኋላው እንዴት እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ውሻ ቢዘልበት ወደ ግራ መሸሽ ይችል እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አያጠፋም።

ስፖኪዮ የገዛችሁ ዕለት በቀጥታ ወደ ዋናው አስፋልት አትውጡ። ሰፈር ውስጥ፣ በእሑድ ጠዋት፣ አንድ ጓደኛችሁ በብስክሌት ከኋላችሁ ይከተል። እሱ ከግራ ወደ ቀኝ እየተቀያየረ ይንዳ፤ እናንተ ዞር ሳትሉ የት እንዳለ ጮክ ብላችሁ ንገሩት። የሳታችሁትን ይንገራችሁ። መሪው ሳይወላወል፣ ፊት ያለውን ሳትረሱ መናገር ስትችሉ ያኔ ወደ መኪናው መሀል ውጡ፤ በየቀኑ ከቤት ስትወጡም መጀመሪያ ስፖኪዮው ከቦታው አለመነቃነቁን እዩ፤ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ ሲያስደግፉት በቀላሉ ይዞራልና።

የሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችን ስለ ብስክሌት የፊትና የኋላ መብራት ይሆናል።